ጀርባውን ማን ያያል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11
ከዕፅዋት ናሙና ክፍሉ፣ የሥራ ሰዓት ሳይደርስ

ለታናሽ ወንድሜ ለማሙሽ፣ ማለቴ ለተከበሩት ዶክተር፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህ ደህና ናቸው? እኔና አባባ ደህና ነን። ሰላምታው ለዛሬ ይህን ያህል ይብቃህ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩት ለሰላምታ ብቻ አይደለም።

ፖስታው ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀትና በጥጥ የተጠቀለለ የማይክሮስኮፕ መስታወት፣ ስላይድ፣ ታገኛለህ። እባክህ አንብበህ ሳትጨርስ አትንካቸው። አንተ እንኳን የደረቀ ቅጠል የታሸገ ብስኩት ስትከፍት ግማሹን መሬት ላይ የምትበትን ሰው ነህ። ዶክትሬት ይህን እንደማያድን አውቃለሁ።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። በስልክ ጀምሬልህ ነበር። «ስማ፣ የቅጠሉን ጀርባ አይተኸዋል?» ስልህ፣ «እትዬ፣ ስብሰባ ልገባ ነው፤ ምስሉ ደግሞ ጥርት ያለ ነው፣ አታስቢ» ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋህብኝ። አታስቢ! አንተ ያን ጽሑፍህን ሳታስብ ስለጻፍክ እኔም ሳላስብ ልኑር? የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል ደግሞ ዳይሬክተሩ ከእኔ ቀድሞ ያነበዋል። ስለዚህ እንደ ድሮው ብዕር አነሳሁ።

አባባ እንደምታውቀው ነው። ጉልበቱ ዝሏል፣ ምላሱ ግን ከእኔም ከአንተም ይፈጥናል። አዲስ አገኘሁ ያልከውን ፈንገስ በእኔ ስም መሰየምህን ከሰማ ወዲህ መድኃኒት ቤት ወረፋ ላይ፣ ፀጉር አስተካካዩ ጋ፣ የትም ቦታ ወሬው አንድ ነው። «ልጄ በላቲን ተጻፈች» ይላል። «ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ» የምትለዋንም አይረሳም። ወሬውን የሰማው ሁሉ ግን እንደ እሱ አልገባውም። የላይኛዋ ጎረቤታችን ብርቱካን ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች።

«በስምሽ በሽታ ተገኘ ሲሉኝ ክው አልኩ። ተላላፊ ነው እንዴ?» አለችኝ በሩ ላይ ቆማ፣ ወደ ውስጥ ሳትገባ።

«የቅጠል በሽታ ነው። ሰው አይዝም።»

«ተመስገን! ብርቱካኑን ግን ብይው፣ ለማንኛውም።»

እንግዲህ ክብር ማለት ይህ ሆነልህ፣ ማሙሽ። ለሰው በስሙ መንገድ ይሰየምለታል፣ አዳራሽ ይሰየምለታል። የእኔ ወንድም የቅጠል እከክ ሰየመልኝ። ያውም እከኩ አዲስ ቢሆን አንድ ነገር ነበር። አዲስ አይደለም። የጻፍከው ስህተት ነው፤ ደብዳቤው ይህን ሊነግርህ ነው የመጣው። አሁን ከሥሩ ላስረዳህ።

ዳይሬክተራችንን የምታውቀው በኢሜይል ብቻ ነው፤ በኢሜይል ደግሞ ማንም ሰው ይመስላል። እዚህ ከመሾሙ በፊት የቤት ዕቃ ዐውደ ርዕይ ያዘጋጅ ነበር። ሶፋ ሲያሳይ፣ ቁም ሳጥን ሲያሳይ ኖሮ አንድ ቀን የደረቀ ቅጠል አሳይ አሉት። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ይገባል። ናሙናዎቹን «ዕቃዎቻችን» ይላቸዋል። ስለ ፈንገስ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ግድግዳ ላይ ሲወጣ ቀለም እንደሚያበላሽ ነው። ይህን ሰው ነው እንግዲህ አንተ በጽሑፍህ መጨረሻ «ለማይነጥፍ ሙያዊ እገዛቸው» ብለህ ያመሰገንከው። ሳነበው አንጀቴ ቅጥል አለ።

እንደመጣ «የማሳመር ዘመቻ» የሚባል ነገር ጀመረ። ጎብኚ ሲመጣ ናሙናው ዓይን መሳብ አለበት ተባለ። አንተም እኔም ስንሠለጥን ናሙና ወረቀት ላይ የሚያዘው በቀጭን የወረቀት ማሰሪያ ነበር፤ ከቅጠሎቹም ቢያንስ አንዱ ተገልብጦ ጀርባውን ያሳይ ነበር። ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች ለቀልድ አላወጡትም። ቅጠል ላይ ነጠብጣብ የሚያወጣ ፈንገስ ቁስሉን በፊት በኩል ያሳይሃል፤ ዘሩን የሚያወጣው ግን ብዙውን ጊዜ ከጀርባ በኩል ነው። ዳይሬክተሩ ግን የተገለበጠ ቅጠል ባየ ቁጥር ሸሚዙ ላይ ሻይ የፈሰሰበት ያህል ፊቱን ያጨማድዳል።

«ይሄ ተገልብጧል፤ ስህተት ነው» አለ ስብሰባ ላይ። «ሁሉም በፊቱ ይሁን። እንዳይረግፍም ዳር እስከ ዳር ይለጠፍ።»

ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩ። «ጀርባው ካልታየ ፈንገሱን ለጥፈን ቀበርነው ማለት ነው» አልኩ።

«እናቴ» አለኝ። እናቴ ነው የሚለኝ። እናቱ ብሆን ኖሮ ይህን ጊዜ ሥርዓት ይዞ ነበር። «እናቴ፣ ጀርባውን ማን ያያል?»

ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። ከሳቁት ውስጥ ዲግሪ የሌለው አልነበረም። የምን ዲግሪ እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ትእዛዙ የወረደው ለጣፊያችን ላይ ነው። ድሮ መጽሐፍ ጠራዥ ነበር። እጁ ንጹህ ነው፣ ሥራው ንጹህ ነው፣ ጭንቅላቱም ንጹህ ነው፤ ምንም ነገር ገብቶ አላቆሸሸውም። ሙጫውን ራሱ ያፈላል፣ ራሱ ይቀባል፣ አንዴ የለጠፈውን ፈጣሪም አያነሳውም ብሎ ያምናል። አንተ ፈንገሱን አገኘሁበት ያልከውን ዛፍ ናሙናዎች በሙሉ ከማሰሪያቸው ፈታቸው፣ የተገለበጡትን አቃናቸው፣ ከዚያ እንደ ግድግዳ ወረቀት አድርጎ ለጠፋቸው። ያምራሉ። እውነቴን ነው፣ በጣም ያምራሉ። ጋብቻ እንዲህ ቢያዝ ፍርድ ቤት ሥራ ይፈታ ነበር።

የአንተ ጥያቄ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኔ ያን ሰሞን አባባ ሆስፒታል ተኝቶ ከአልጋው አጠገብ ነበርኩ፤ አንተ ምስል ትጠብቅ ነበር። ዳይሬክተሩ ናሙናዎቹን በስካነር አነሳልህ፣ ነጠብጣቦቹን ከላይ ከላይ በምላጭ አስፋቀልህና በብልቃጥ አድርጎ ላከልህ። ስመለስ ነገሩ አልቆ ነበር። ያኔ ነው የደወልኩልህና ስብሰባህ የደረሰብህ።

አንተም የተላከልህን አሜን ብለህ ተቀበልክ። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ዳይሬክተሩ አያውቅም፤ ሶፋ አሳይ ነው። ለጣፊው አያውቅም፤ ለጣፊ ነው። አንተ ግን ትንሽ ሳለህ የሰው አጥር ላይ ያለ ቅጠል ሁሉ እየገለበጥክ ጎረቤት ስታስቸግር፣ ይቅርታ እየጠየቅኩ በክንድህ ይዤ የምመልስህ እኔ ነበርኩ። ያ ልጅ የት ገባ? የባሕር ማዶው ዩኒቨርሲቲ ወንበር ለስላሳ ነው መሰል፣ «ጀርባውስ?» ብሎ መጠየቅ እንኳ ከበደው።

የመጨረሻውን የሕትመት ረቂቅ ዳይሬክተሩ ራሱ አትሞ፣ ባማረ አቃፊ አድርጎ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝ። «ከወንድምዎ የተላከ ስጦታ ነው» አለኝ፤ የሰጠኝ እሱ ይመስል ደረቱን ነፍቶ። አነበብኩት። ጽሑፍህ ያምራል፤ እዚህ ቤት የሚያምር ነገር በዝቷል። ነጠብጣቡን፣ ዳር ዳሩን፣ ከላይ ያሉትን ጥቃቅን ጥቁር እብጠቶች አንድ በአንድ ገልጸሃል። ከዚያ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር ላይ ደረስኩ፦ «በቅጠሉ የታችኛው ገጽ ላይ ምንም ምልክት አልታየም።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ለጣፊው ከወዲያኛው ክፍል ደንግጦ መጣ። አልታየም! እንዴት ይታይ ወንድሜ? የታችኛው ገጽ ያለው ሙጫው ውስጥ ነው። አንተ ያየኸው ወረቀት ነው። እሱም አልበቃህም፤ ቀጥለህ «ዘር የማያፈራ በመሆኑ እስከ ዛሬ ከሚታወቁት ሁሉ ስለሚለይ አዲስ ወገን ሆኖ ተመድቧል» ትላለህ። አዲስ ዝርያ እንኳ አነሰህ፤ ወገን አቋቋምክ! በሩን ከውጭ ቆልፈው «ቤት ውስጥ ሰው የለም» ሲሉህ አመንክና «ሰው አልባ ቤት» ብለህ ስም አወጣህለት። ያወጣኸው ስም ደግሞ የእኔ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ጀመርኩ።

የስሙ መሠረት እንዲሆን የመረጥከውን ናሙና አልነካሁም፤ እሱ የተለየ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ ያለ ፈቃድ ውሃ አይነካውም። ከዚያው ዛፍ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰው እጅ የተለቀመው መንታው ግን እኔ ጋ ነው። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ውሃ መጣጭ ወረቀት አርጥቤ ከሥር ከላይ አደረግኩበትና መብራት አስጠጋሁለት። ለጣፊው የሙጫ ጣሳውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ።

«እትዬ፣ ምን በደልኩዎት?»

«አልበደልከኝም። ቅጠል ላነሳ ነው።»

«የእኔ ሙጫ አይለቅም እኮ።»

«እናያለን።»

«ቢለቅስ? ሰው ምን ይለኛል?»

ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ስለ ሙጫው እንደ ታማሚ ቤተሰብ ይጨነቅ ጀመር። ረፋዱን ሙሉ ወረቀቱን እየቀየርኩ አረጠብኩ። በመጨረሻ የቅጠሉ ጫፍ ብድግ አለ። በቀጭን ምላጭ ከሥሩ እየገባሁ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ትንሽ በትንሽ ላጥኩት። አንድ ቦታ ላይ ተቀደደብኝ፤ ለጣፊው «ወይኔ!» አለ። ለቅጠሉ አዝኖ እንዳይመስልህ፤ ወረቀቱ ተልጦ ነው።

ቅጠሉን ገለበጥኩት። አብዛኛውን ሙጫው አፍኖ ጨርሶታል፤ ቡናማ ልጥፍ ሆኗል። ነገር ግን ቅጠል የቱንም ያህል ብትጫነው መሃሉ ያለው ትልቁ ጅማት ጥቂት ከፍ ይላል፣ ግራና ቀኙ ላይም ክፍተት ይተዋል። እዚያ ሙጫው አልደረሰም። እዚያ ክፍተት ውስጥ፣ በእያንዳንዱ ነጠብጣብ ትክክል፣ ጭስ የነካው ጥጥ የመሰለ ግራጫ ጸጉር ቆሟል። በመርፌ ጫፍ ጫር አድርጌ ስላይድ ላይ ባለ የአሲድ ጠብታ ውስጥ ከተትኩት፣ በእሳት ለብ አደረግኩት፣ ሸፈንኩት፣ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባሁት።

ዘር የማያፈራው ፈንገስህ ዘሩን እንደ ጉድ አፍርቶታል። ቀጫጭን፣ ረጃጅም፣ እንደ አይጥ ጭራ ወደ ጫፉ የሚሾል፣ በመካከሉ እየተከፋፈለ የሚሄድ ዘር። ሥሩ ላይ ከእናቱ የተላቀቀበት ወፍራም ጥቁር ጠባሳ። ይህን ጠባሳ አንድ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ያውቀዋል። እኔ ነኝ ያስተማርኩህ፣ ስለዚህ እንደምታውቀው አውቃለሁ።

ለጣፊው ልይ አለኝ። አጎንብሶ ለረጅም ጊዜ አየ።

«ይሄ ሁሉ ከእኔ ሙጫ ሥር ነበር?»

«አዎ።»

«አዩ እንግዲህ!» አለ ቀና ብሎ፣ ፊቱ እያበራ። «አንዱንም ሳያበላሽ እንዴት እንዳቆየው!»

በእንደዚህ ዓይነት ሰዎች መካከል ነው የምኖረው።

ከዚያ የድሮዎቹን መጻሕፍት አወረድኩ። ብዙም አላደከመኝም። የዚህ ዛፍ ዘመድ በሆነ ሌላ ዛፍ ላይ፣ እኔም አንተም አባባም ከመወለዳችን በፊት፣ ይኸው ፈንገስ ተገልጿል፣ በእጅ ተስሏል፣ ስም ወጥቶለታል። የዘሩ ርዝመት ያው፣ ክፍፍሉ ያው፣ ጠባሳው ያው ነው። አንተ አዲስ ወገን የመሠረትክባቸው ጥቁር እብጠቶችም እዚያው አሉ፤ ፈንገሱን የገለጸው ሰው በመግለጫው ጫፍ ላይ «አንዳንዴ ከላይ በኩል ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ» ብሎ አልፏቸዋል። በማይረባ ነገር ላይ ጊዜ የማያጠፋ ሰው ነበር። ከሌሎቹ መንታ ናሙናዎችም ቅጠል አንስቼ አየሁ፤ ሁሉም ያው ነው። ስለዚህ ወገንህ አዲስ አይደለም፣ ዝርያህም አዲስ አይደለም። አዲስ ነገር ቢኖር በዚህ ዛፍ ላይ መኖሩ ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ገጽ አይሞላም።

ስላይዱን ይዤ ወደ ዳይሬክተሩ ገባሁ። ቢሮው ወለል ላይ ትልቅ ባነር ተዘርግቶ እሱ በካልሲ ሆኖ ዙሪያውን ይዞራል። ባነሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ከመታወቂያዬ ላይ ያለውን ፎቶ አሳድገውት፣ ፖሊስ የሚፈልገኝ መስያለሁ። ከሥሬ «የተቋማችን ኩራት» ይላል። አስረዳሁት። ማይክሮስኮፑ ጋ መጥቶ እንዲያይ ጠየቅኩት። ጫማውን እንኳ አላደረገም።

«እናቴ፣ መልሰው ይለጥፉት» አለኝ።

«ምኑን?»

«ቅጠሉን። ማንም አላየም። እኔም አላየሁም።»

«እኔ አይቻለሁ።»

«እርስዎማ ሊያዩ ስለፈለጉ ነው ያዩት።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያችን ሶፋ የሚሸጥባትን ለስላሳ ድምፅ አወጣት። «ለራስዎ ስም አያስቡም? ሰው በዚህ ዕድሜው እንዲህ ያለ ዕድል ሲመጣለት በእግሩ ይገፋል? እንግዳ ተጠርቷል። አዲሱ የናሙና ማሳያ አዳራሽ ሊመረቅ ነው። ወንድምዎ ደግሞ እዚያ በቋሚነት የሚቀጠሩት በዚህ ጽሑፍ ነው፤ ራሳቸው ነግረውኛል።»

ለእሱ ነግረኸዋል። ለእኔ አልነገርከኝም። ይህችን ብቻ ቀልድ ላደርጋት አልቻልኩም፣ ማሙሽ፤ ከፋኝ።

«ስህተት ነው» አልኩት። «ማንም ተማሪ አንድ ቅጠል ቢያነሳ ይደርስበታል።»

«ማን ያነሳል?» አለኝ። በሙጫ ላይ ያለው እምነት ከለጣፊው ይብሳል። ከዚያም «ለደኅንነት ሲባል» ብሎ የዚያን የተለየ ቁም ሳጥን ቁልፍ ከእኔ ተቀበለኝ። ስንት ዓመት በአንገቴ ያንጠለጠልኩትን ቁልፍ ኪሱ ከትቶ ባነሩን መዞር ቀጠለ። ከእንግዲህ ያ ናሙና የሚከፈተው ጽሑፉን የጻፈው ሰው በደብዳቤ ሲጠይቅ ብቻ ነው። ያ ሰው አንተ ነህ።

እንግዲህ ነገሩ እጅህ ላይ ወድቋል። እኔ የምልክልህን ልኬልሃለሁ፤ በታጠፈው ወረቀት ውስጥ ያለው ከጅማቱ አጠገብ የቆረጥኩት የቅጠል ቁራጭ ነው፣ ስላይዱም የእሱ ነው። ጓንት አድርግ፤ ድሮ ነፍሳት እንዳይበሉት የተቀባው መርዝ አሁንም አለበት። ስላይዱን ማይክሮስኮፕህ ሥር አድርገው። ስብሰባ ካለብህ ስብሰባው ይቅር። ካየኸው በኋላ እንደ ዳይሬክተሩ «አላየሁም» የምትል ከሆነ፣ እኔ ያሳደግኩት ሰው እዚያ አገር ጠፍቷል ማለት ነው፤ አፋልጉኝ እላለሁ።

የሚያስከፍልህን አላውቅም እንዳትል። አውቃለሁ። ቋሚ ትሆናለህ፣ ቤት ትገዛላችሁ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት አይቀያይሩም ብላችሁ አስባችኋል። ይህን ጽሑፍ ከሕትመት ብታወጣው ምናልባት ሌላ ዓመት ትጠብቅ ይሆናል፣ ምናልባትም ለዝንተ ዓለም ትጠብቅ ይሆናል። ያሳዝነኛል። ማሳዘኑ ግን የቅጠሉን ጀርባ አይቀይረውም። እንደምታውቀው ስም የሚጸናው ሲታተም ነው። አሁን ከሕትመት ካወጣኸው ያልተወለደ ነገር ነው፤ አንድ አርታኢ ያውቃል፣ አንድ ሁለት ሰው ያማሃል፣ ያልፋል። ከታተመ ግን አንድ ቀን የሆነ ቦታ የሆነ ሰነፍ ያልሆነ ልጅ አንድ ቅጠል ያርሳል። ያኔ አንተ እስከ ዘላለሙ ቅጠል ሳይገለብጥ ወገን የፈጠረው ሰው ነህ። እኔም ከእውነተኛው ስም ሥር በትንንሽ ፊደል የሞተ ስም ሆኜ እቀመጣለሁ።

ለአርታኢው እኔ መጻፍ እችል ነበር። አድራሻው ረቂቁ ላይ አለ። ወረቀት አውጥቼ ቀኑን ጽፌም ነበር። ተውኩት። ሰው እንዲያርምህ አልፈልግም፤ ራስህ እንድታርመው ነው የምፈልገው። ያ ጽሑፍ ከሕትመት የሚወጣው ባንተ ጥያቄ ይሁን። ብታርመው ትንሽ ወሬ እንጂ ውርደት የለውም፤ ስለ አሮጌው ፈንገስ እውነተኛውን ነገር በአንድ ገጽ ጻፍ። ማንም አያጨበጭብልህም። ባነር የሚያሠራልህም የለም። ዳይሬክተሩንም ማመስገን አይጠበቅብህም፤ ይህች ብቻዋ ትበቃህ ነበር።

እኔን ምን ያደርገኛል? ቁልፉን ወስዷል፤ ከዚህ በኋላ የሚወስደው ወንበሬን ነው። ይውሰደው፤ እግሩ ይንገዳገዳል። አዳራሹም በባነሩ ጀርባ ሌላ ሰው ታትሞ ይመረቃል፤ እሱ ሰው አያጣም። አባባን ለእኔ ተወው። ስሙ እንደቀረ እነግረዋለሁ። ይቆጣል፣ ከዚያ ማንን እንደተቆጣ ይረሳል፣ ከዚያ መድኃኒት ቤቱ ወረፋ ላይ እንደገና ያወራዋል። እዚያ ያሉት ያዳምጡታል፤ የሚታተም ነገር አይደለም።

እሺ፣ ደጅ የሠራተኛ ጫማ መሰማት ጀምሯል፤ ሽቶውም ኮሪደሩ ላይ ደርሷል። ይህን አሁን አጥፌ ፖስታ ቤት ራሴ አደርሰዋለሁ፤ እዚህ ቤት ደብዳቤም ይለጠፋል።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። ልጆቹን ሳምልኝ፤ ቅጠል ሲገለብጡ ካየሃቸው እንዳትቆጣቸው። ፈጣሪ ከሚያጨበጭብልህ ይሰውርህ፣ የሚያርምህን አያሳጣህ። ዓይንህን ይጠብቅልህ፤ እንጀራህን በማታፍርበት ነገር ያድርግልህ።

አንድ ነገር ባይቀረኝና ደብዳቤው እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እንደዚህ ስሳደብ አንብበህ፣ «እትዬ ስሙ ግድም አይሰጣት፣ ቢቀርባትም የምታጣው ነገር የለም» ብለህ ታስብ ይሆናል። አታስብ። ረቂቁ የመጣ ቀን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሜን በዚያ በተጋደመ ፊደል አየሁት። በሩን ቆለፍኩና ደጋግሜ አነበብኩት። ጮክ ብዬም አነበብኩት፣ ማንም ሳይሰማኝ፣ እንደ ሌላ ሰው ስም። ልጅ አልወለድኩ፣ መጽሐፍ አልጻፍኩ፤ ከእኔ በኋላ የሚቀር ነገር ተገኘ ብዬ በጣም ደስ አለኝ፣ ማሙሽ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከሕትመት አውጣው።

እህትህ
እትዬ